ሁለት ሚስማር የቀረው ታፔላ

የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኛ ምንዋጋው በወይዘሮ ጥሩሐረግ ሱቅ ደጃፍ ሞቶ የተገኘው ሐሙስ ሚያዝያ 21 ቀን 1996 ዓ.ም. ማለዳ ነው። ራሱ የደጁን ድንጋይ መትቶ፣ አንድ እጁ ከጎኑ ሥር ተጣጥፎ፣ መሰላሉ እግሩ ላይ ተጋድሞበት ነበር። ከበላዩ ሊያወርደው የመጣው ታፔላ ከአራት ሚስማሩ ሁለቱ ተነቅለው፣ ባንድ ጎኑ ተንጋዶ ነፋስ ያወዛውዘዋል።

ኢንስፔክተር ጓንጉል ሲደርስ ሬሳው በነጠላ ተሸፍኗል። ነጠላው የባንቺ ነው፤ ባንቺ ፊት ለፊት ሻይ ቤት አላት፤ መጀመሪያ አይታ የጮኸችውም እሷ ናት። የሰቆጣ ሰው ክብ ሠርቶ ቆሟል። "አዳልጦት ነው፣ ልጅ ነው፣ መሰላል መች ያውቃል" ይባባላል። ሰው መቼም የሚቀለውን ማመን ይወዳል።

"ሳጅን ቅጣው፣ ሰዉን አርቅልኝ" አለ ጓንጉል።

ሳጅን ቅጣው የጋዝጊብላ ተወላጅ ነው። በኽምጣንጋ ሁለት ቃል ቢናገር ክቡ ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ። ጓንጉል ግን ከወልድያ ተዛውሮ ከመጣ ገና ስድስት ወሩ ነው፤ ከቋንቋው ሰላምታውን እንኳ በወጉ አልያዘም።

ተንበርክኮ መሬቱን አየ። የመሰላሉ ሁለት እግሮች አቧራው ላይ መስመር ጭረዋል። መሰላል ሲያዳልጥ እግሩ ከግድግዳው ይርቃል፤ ይህ ግን ወደ ጎን፣ ወደ ሱቁ በር ነው የተጎተተው። የምንዋጋውን ወገብ ገለጠ። ሚስማር መንቀያ ያለው መዶሻው ቀበቶው ውስጥ በሥርዓቱ ተሽጧል።

"ቅጣው፣ ይህ ልጅ ሲወድቅ ሚስማር እየነቀለ አልነበረም። ሥራውን አቁሞ፣ መዶሻውን ሸጉጦ ነበር።"

"ሊወርድ ይሆናላ።"

"ወይም ከሰው ጋር እያወራ።"

ቅጣው ጎንበስ ብሎ የልጁን ኪስ ፈተሸ።

በልጁ ኪስ ውስጥ ሐምራዊ ማኅተም ያረፈበት ወረቀትና አንድ ደብተር ተገኘ። ወረቀቱን ከተማው በሙሉ በቃሉ ያውቀዋል፤ ለአንድ ወር በየግንቡ ተለጥፎ ከርሟል። ከግድግዳ ከአንድ ሜትር በላይ ወደ መንገድ የወጣ፣ ከመሬት ከሁለት ሜትር ተኩል በታች የተሰቀለ፣ ፈቃድ ያልወጣለት ማንኛውም ታፔላና ማስታወቂያ እስከ ሚያዝያ 30 ይነሣል ይላል። ሰቆጣ በዚህ መመሪያ ስንት ስቃለች፤ ከዚያ ግን ምንዋጋው የሚባል የሃያ ሦስት ዓመት የጎጃም ልጅ ሜትሩን ይዞ መጣና ሳቁ ቀረ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እየተባለ ሲታማ፣ እሱ አንገቱን ደፍቶ ይለካ ነበር።

ደብተሩ ውስጥ የሱቆቹ ስም በየተራ ተጽፏል፤ ከየስሙ አጠገብ ልኩ አለ። የመጨረሻው እንዲህ ይላል፦ "ሰማኸኝ ሸቀጣ ሸቀጥ። 1.85 ወደ መንገድ የወጣ። እሁድ?"

ጓንጉል ቀና ብሎ ታፔላውን አነበበው። በቀይ ቀለም፣ በማይመጣጠኑ ፊደሎች "ሰማኸኝ ሸቀጣ ሸቀጥ" ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ የተሣለው ሳሙና ጡብ ይመስላል። ከረጅም የባሕር ዛፍ ክንድ ላይ ተመትቶ መንገዱ መሐል ድረስ ስለተንጠለጠለ፣ ከመናኸሪያው በር የቆመ ሰው ሁሉ ያየዋል።

"እሁድ ምንድን ነው ቅጣው?"

"እኔ ምን አውቄ ኢንስፔክተር" አለ ቅጣው፤ ዓይኑን ግን መሬት ላይ ጣለ።

*

ወይዘሮ ጥሩሐረግ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል በርጩማ ላይ ተቀምጣ አገኟት። ስድሳን የተጠጋች፣ ቀጭን ሴት ናት። ጥቁር ሻሽ እስከ ቅንድቧ ድረስ ጥብቅ አድርጋ አስራለች።

"እናቴ፣ ንጋት ላይ ምን ሰሙ?"

"ምንም። ደም ግፊት አለብኝ፤ መድኃኒቱ ያስተኛኛል።"

"መሰላል ሲወድቅ? ሰው ሲጮህ?"

"ምንም አልኩህ ልጄ።"

ጓንጉል ክፍሉን በዓይኑ ዞረው። የሽቦው አልጋ ራቁቱን ነው፤ ከአጠገቡ መሬት ላይ የበሬ ቆዳ ጀንዲ ተነጥፏል።

"መሬት ላይ ነው የሚተኙት?"

"ወገቤን አሞኝ ነው። ደረቅ ነገር ይሻላል ይላሉ።"

"ታፔላውን ማን ነው የሠራው?"

"ልጄ ሰማኸኝ። ወደ ሊቢያ ከመሄዱ በፊት። አራት ዓመቱ። ስመለስ ከአውቶቡስ ወርጄ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው ብሎ ያን ያህል አስረዘመው።"

"መቼ ይመለሳል?"

ቅጣው ከኋላ በኃይል አሳለው። ጥሩሐረግ ጓንጉልን ሳይሆን ሳጅኑን አየችው፤ አስተያየቷ ረዘመ።

"የሚያውቅ ያውቃል" አለች።

*

ከሰዓት በፊት ጓንጉል የጠረጠረው ሁለት ሰው ነበር።

አንደኛዋ ባንቺ ናት። ምንዋጋው ማክሰኞ ዕለት የሻይ ቤቷን ታፔላ ሲያወርድባት "እጅህ ይቆረጥ" ብላ እንደረገመችው መንገዱ ሙሉ ሰምቷል።

"ረግሜዋለሁ፣ አልክድም" አለች ዓይኗ ቀልቶ። "እኔ የማልረግመው ማን አለ? ባሌን ስንቴ ረግሜዋለሁ፤ ይኸው እስከ ዛሬ እየበላ ነው!"

"ንጋት ላይ የት ነበርሽ?"

"ወፍጮ ቤት። ስመለስ ነው ወድቆ ያየሁት።"

ሁለተኛው የጥሩሐረግ ታናሽ ወንድም ትእዛዙ ነው፤ ቀንድ ከብት ነጋዴ፣ ቃሉ የሚከበር ሰው። የማዘጋጃ ቤቱ ዘበኛ እንደተናገረው ትእዛዙ ረቡዕ ከሰዓት ምንዋጋው ቢሮ ገብቶ ብዙ ቆይቷል። ሲወጣ "ያቺን ታፔላ ካወረድህ አንተንም ከወደቅህበት የሚያነሣህ የለም!" ብሎ ጮኋል።

"ብለሃል?"

"ብያለሁ።"

"ዛሬ ንጋት የት ነበርክ?"

"ቤቴ።"

"ሚስትህ ዶሮ ሲጮህ ወጣ ብላኛለች።"

"እንግዲያስ ወጥቻለሁ።"

"ወዴት?"

ትእዛዙ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"ትእዛዙ፣ ሰው ሞቷል!"

"እሱንስ አጥቼው ነው ጌታው?" አለ ትእዛዙ። ድምፁ ተሰበረ። ጓንጉል ያን ጊዜ ጸጸት መሰለው።

ልብሱን ፈትሸው፣ ቃሉን ጽፈው አሰሩት። አለቃው በስልክ "ዛቻው አለ፣ ሰዓቱ አለ፣ ሌላ ቦታ ነበር ብሎ የሚመሰክርለት የለም። ቅዳሜ በአርባ ስምንት ሰዓቱ ፍርድ ቤት አቅርበውና ተገላገል" አሉት። ጓንጉልን ግን ያ ወደ ጎን የተጎተተ መስመር አላስተኛውም። ሊገድል የመጣ ሰው ዱላ ይዞ ይመጣል እንጂ መሰላል እስኪወጡለት አይጠብቅም።

*

አርብ ጠዋት ወፍጮ ቤት ሄደ። ባለወፍጮው ዱቄት የለበሰ ሽማግሌ ነው።

"ባንቺ? ትናንት?" ሽማግሌው በመገረም አየው። "ትናንት ማርያም ነበረች እኮ። በማርያም ወፍጮ አላስነሣም፣ ስለቴ ነው። እንኳን የባንቺ ቁና፣ የአውራጃ እህል ቢመጣ ያድራል።"

ጓንጉል ዞሮ ሻይ ቤቱ ገባ። ባንቺ ፊቱን አይታ ብቻ ማሰሮዋን አስቀመጠች።

"ባንቺ፣ ዋሸሽኝ።"

"ዋሸሁ።"

"የት ነበርሽ?"

"ልጆቼን ይንሣኝ፣ ገዳይ አይደለሁም። እስከ እሁድ ይታገሡኝ። እሁድ ሁሉንም እነግርዎታለሁ።"

እሁድ። ሟቹ የጻፈው ቃል ከዚች ሴት አፍ ሲወጣ ጓንጉል ደብተሩን አስታወሰ። እዚህ ከተማ ውስጥ እሱ ብቻ የማያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ያ ነገር ደግሞ ቀን ተቆርጦለታል።

"ሰው ታስሯል። ነገ ፍርድ ቤት ይቆማል። የእሁዱን ነገር ማን ይንገረኝ?"

ባንቺ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። "ቄስ ገብረ ሊባኖስን ይጠይቁ። እኔ አፌን አልከፍትም፤ ጎረቤቷ ነኝ።"

ቄስ ገብረ ሊባኖስ የጥሩሐረግ የንስሐ አባት ናቸው። ደጀ ሰላሙ አጥር ሥር ተቀምጠው አዳመጡትና ለረጅም ጊዜ ጢማቸውን ሲያሻሹ ቆዩ።

"ኑዛዜ አይደለምና እነግርሃለሁ ልጄ" አሉ። "የሰማኸኝ መርዶ ነው። ልጁ ከመስከረም ጀምሮ በሕይወት የለም። በረሃ ላይ ውኃ ጥም ጨረሰው። አብሮት የተሰደደ የኒሯቅ ከተማ ልጅ ነው ለትእዛዙ የደወለለት።"

"ስምንት ወር?"

"በመስከረም ታማ ተኝታ ነበር። በጥር የወንድሟ ልጅ ሠርግ ሆነ። ከዚያ ጾሙ ገባ፣ ፋሲካ ይለፍ ተባለ። መርዶ ጊዜውን ይፈልጋል። አሁን ለእሁድ ቆረጥን። ሐሙስ ንጋት ማን እንደሚቀድም፣ ሐኪም ማን እንደሚጠራ ልንመክር እዚሁ ተሰብስበን ነበር። ትእዛዙም፣ ባንቺም፣ የመንገዱ ጎረቤት በሙሉ። ትእዛዙ ረቡዕ ዕለት ያን የማዘጋጃ ቤት ልጅ መርዶውን ነግሮት 'ታፔላውን እሁድ እስክትረዳ ድረስ ተውላት' ብሎ ለምኖት፣ ልጁ 'አለቃዬ አርብ ሪፖርት ይጠብቃል' አለው። ንዴቱ ከዚያ ነው። ሳጅንህም ከእኛ ጋር ነበር።"

"ቅጣው?"

"ለጥሩሐረግ ዘመዷ ነው።"

ጓንጉል አባቱን አስታወሰ። ወታደር ሳለ አባቱ ሞተው አንድ ዓመት ሙሉ ደብቀውት፣ ለሞተ ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ ከርሟል። መርዶውን ከነገሩት በኋላ ከልቅሶው ይልቅ የቆጨው እነዚያ ደብዳቤዎች ናቸው።

ጣቢያው በር ላይ ቅጣውን ጠራው።

"አንተ ፖሊስ ነህ! ንጹሕ ሰው ታስሮ እያየህ?"

"ፖሊስ ነኝ ኢንስፔክተር። የአክስቷ የልጅ ልጅም ነኝ።" ቅጣው እንባ አቀረረ። "ትእዛዙ ካቴና ሳስርለት በዓይኑ ለመነኝ። እስከ እሁድ ነው ብዬ ቻልኩት። ይቅጡኝ።"

"ትእዛዙ የት እንደነበር ካልተጻፈ ነገ አይለቀቅም። ከተጻፈ ደግሞ ችሎት ላይ ይነበባል፤ ማታውን እሷ ጆሮ ይደርሳል።"

"እንግዲያስ ነገ ንጋት ይነገራታ" አለ ቅጣው።

ጓንጉል ቢሮው ገብቶ ተቀመጠ። ትእዛዙ ነጻ ነው፣ ባንቺም ነጻ ናት። የመንገዱ ሰው ሁሉ ለአንዲት ሴት ብሎ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ፣ መንገዱን ባዶ አድርጎት ነበር። ታዲያ መሰላሉን ማን ጎተተው? የሱቁን በር አስታወሰና ወዲያው ከሐሳቡ አወጣው። ልጇን በተስፋ የምትጠብቅ እናት፣ ለአንድ ታፔላ ብላ የሰው ልጅ አትገድልም።

*

ቅዳሜ ሲነጋጋ ወደ ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች በዝግታ መንገዱን ሞሉት። ቄሱ ከፊት፣ ከዚያ ሽማግሌዎች፣ ከዚያ ሴቶች። ትእዛዙ ከቅጣው ጋር ቆሟል፤ ጓንጉል ለዚህ ሰዓት አስወጥቶታል። እሱ ራሱ የሴቶቹ ጀርባ በሩ አጠገብ ቆመ።

ጥሩሐረግ በሩን ከፍታ ወጣች። ለባብሳለች። ሰዉን አየችው፤ የአንዱን ፊት ሳትዘልል አየች።

"ጥሩ" አሉ ቄሱ፣ "እግዚአብሔር የሰጠውን..."

"ሰማኸኝ ነው" አለች እሷ።

"ሰማኸኝ ነው ልጄ።"

ያን ጊዜ የሴቶቹ ጩኸት ተነሣ። ባንቺ ደረቷን እየመታች ቀደመች፤ እንደ ወጉ እጇን ዘርግታ የጥሩሐረግን ሻሽ ከራሷ ገፈፈችው። ከዚያ ጩኸቷን አቋረጠች። ሻሹን እንደያዘች ቆመች። ከኋላ ያሉትም ተራ በተራ ዝም አሉ።

የጥሩሐረግ ራስ ተላጭቷል። አሁን አይደለም፤ የሁለት ቀን ሽበት ብቅ ብቅ ብሎበታል።

ጓንጉል የተራቆተውን አልጋ፣ የተነጠፈውን ጀንዲ፣ ያቺን ረጅም አስተያየት በአንድ ጊዜ አየ። ይህች ሴት ከሐሙስ ጀምሮ ሐዘን ተቀምጣለች። ያን ዕለት ከእሷ ጋር የነበረ፣ መርዶውን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ምንዋጋው። ባላወቅሁ ብሎ ተመኘ።

እሷም ከሕዝቡ መሐል እሱን ለይታ አየችው። "ና ግባ ልጄ" አለች።

*

"ሚስማሩን ሲነቅል ነው የነቃሁት" አለች ጀንዲው ላይ ተቀምጣ። ውጭ ልቅሶው እንደገና ተነሥቷል። "ወጥቼ ለመንኩት። ልጄ ሲመጣ መንገዱ ይጠፋዋል አልኩት፤ እውነቴን ነው፣ እንደዚያ ነበር የማስበው። ሁለት ነቅሎ ተወው። መዶሻውን ሸጎጠ። ከላይ ሆኖ አየኝ፣ አየኝና ዓይኑ እንባ ሞላ። 'እማማ፣ እየዋሹዎት ነው፤ ይህን ከሚያይ ዓይኔ ይጥፋ' አለኝ። ከዚያ ነገረኝ።"

ጓንጉል ደብተሩን አልከፈተም።

"በክፋት አይደለም። አዝኖልኝ ነው። እኔ ግን መሰላሉን ያዝኩት። ውረድ፣ ወርደህ ዓይኔን እያየህ በለኝ እያልኩ ጎተትኩት። እንዲወርድልኝ ነው የጎተትኩት። እንዲወድቅ አይደለም።" እጆቿን አየቻቸው። "ሲወድቅ ሁለት ልጅ በአንድ ጠዋት ሞተብኝ።"

"ለምን ዝም አሉ? ወንድምዎ ታስሮ?"

"እሱ ስምንት ወር ደበቀኝ። እኔ ሁለት ቀን ደበቅኩት። ካወራሁ ልጄን ሳላለቅስለት ትወስደኛለህ። ካለቀስኩ ማን ነገራት ይባላል። እስኪነግሩኝ ጠበቅሁ። ፍርድ ቤት ከመቅረቡ በፊት ጣቢያ እመጣ ነበር፤ ማርያምን።"

ጓንጉል አመናት። ማመኑም አልቀለለውም።

"የዚያ ልጅ እናት አለችው?" አለች።

"አለች። ጎጃም። ሬሳውን አርብ ልከናል። እሷ ገና አልሰማችም፤ ዘመድ እየተሰበሰበ ነው።"

ጥሩሐረግ እጁን ያዘችው። ጣቶቿ እንደ በረዶ ናቸው።

"አትደብቋት" አለች። "በላቸው። እኔ ብያለሁ በላቸው።"

"እነግራቸዋለሁ።"

"ለእኔ ደግሞ እስከ ሠልስት ስጠኝ። ሰኞ በእግሬ እመጣለሁ።"

ሕጉ አሁን ውሰዳት ይላል። ጓንጉል ሕጉን ያውቃል፤ ለሕጉ ብሎ ብዙ ሰው አስከፍቷል። ወጥቶ ትእዛዙን በወረቀት አስፈታውና ቅጣውን ለልቅሶው በተተከለው ድንኳን በር ላይ አስቀመጠ። ጠባቂ ነው ወይስ ለቀስተኛ፣ የጠየቀ አልነበረም።

*

ሰኞ ከሠልስቱ በኋላ ጥሩሐረግ ነጠላዋን አደግድጋ ወጣች። ጓንጉል በሩ ላይ ይጠብቃት ነበር። ትእዛዙ አጠገቧ ቆሞ ያለቅሳል፤ ባንቺ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ ይዛለች። ታፔላው አሁንም ተንጋዷል፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ሊነካው የደፈረ የለም።

"እኔ ከሄድኩ በኋላ ሌላ የሰው ልጅ እንዳይልኩበት" አለች። "አንተ አውርደው። የሚጠብቀው የለም።"

ጓንጉል ኮፍያውን ለቅጣው ሰጠ። መሰላሉን ግድግዳው ላይ አስደግፎ አንድ እርከን ወጣና ቆመ። ወደ ታች አየ።

ጥሩሐረግ መጥታ የመሰላሉን ሁለት እግሮች በሁለት እጇ ጨብጣለች። ትእዛዙ ሊያግዛት ቢጠጋ በክንዷ ገፋችው።

"ውጣ ልጄ" አለች። "እኔ እይዝልሃለሁ።"

ወጣ። ሦስተኛውን ሚስማር ነቀለ፣ አራተኛውንም ነቀለ። ታፔላውን ደረቱ ላይ አስደግፎ እርከን በእርከን እስኪወርድ ድረስ መሰላሉ ንቅንቅ አላለም።